የክልክሉ ጠማማ መንገድ

ሰሞኑን ሦስት ወጣቶች ቤቴ ድረስ መጡብኝ። «እማማ አየሁሽ፣ ክልክሉን ልናሳምረው ነው» አሉኝ። አገር በቀል ችግኝ ይተክላሉ፣ መንገዱን ጠጠር ያለብሳሉ። እሰይ አልኋቸው፣ መረቅኋቸው፣ ጠላም ቀዳሁላቸው። ጠላዬን ከጠጡ በኋላ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «መንገዱ መሀል ላይ ያለ ምክንያት ይጠመዘዛል፤ እሱን ቀጥ እናደርገዋለን።»

ያለ ምክንያት! ኧረ ወዲያ! ዛፉን እንደ ልባችሁ ትከሉ፣ መንገዱን የነካ ግን እኔን ነው የነካ ብዬ አባረርኋቸው። አንደኛው ደጁን ሲሻገር «አሮጊቷ ነገር አላቸው» ሲል ሰማሁት። አለኝ እንጂ! ስድሳ ዓመት ሙሉ ያንገበገበኝ ነገር አለኝ። ቁጭ ብሎ የሚሰማ ጠፋ እንጂ።

ክልክል የምንላት ከኮኪት ወደ መተማ ሲወርዱ በሰፈራችንና በኾሩ መካከል ያለችውን ጫካ ነው። ኾር ማለት ክረምት ደንፍቶ ወርዶ በጋ አሸዋውን ብቻ ጥሎ የሚሄድ ወንዝ ነው። አባቶቻችን ከደጋ ወርደው እዚህ ማሽላና ሰሊጥ መዝራት ሲጀምሩ፣ ይህችን አንዲት ጥላ መጥረቢያም ፍየልም እንዳይገባባት ከልክለው አስቀሯት። ሮቃው፣ አባሎው፣ ዲማው፣ ሽመሉ፣ ሁሉም ዛፍ ነበረባት።

በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጣሊያን መጣና ከሰፈራችን ወዲያ ማዶ ካምፕ ሠራ። ክልክል አያውቅ፣ አባት አያውቅ፤ ለቤቱ ማገር፣ ለእንጀራው እሳት እያለ ጫካችንን ከዳር እስከ ዳር መለጣት። ሦስት ዓመት ሲቆርጥ ከረመና ሙቀቱ አናቱን ሲመታው፣ ወገኛ፣ ጥላ አማረው!

እሱን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የአባቴን ነገር ልጨርስ።

አባቴ ሰጠኝ ነጋዴ ነበር። በሁለት አህያ ሰሊጥ ጭኖ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ ይወርዳል፣ ጨርቅና ስኳር ይዞ ይመለሳል። ሲሄድ ግንባሬን ሳይስመኝ ሄዶ አያውቅም። ስምንት ዓመቴ ላይ አንድ ጠዋት ስነቃ እናቴ አሰበች ምድጃው ሥር ተቀምጣለች። ዐይኗ አብጧል፣ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራለች።

«አባዬስ?»

«ሌሊት ገብቶ ነበር፤ ወደ ገዳሪፍ ተመለሰ።»

«ሳይስመኝ?»

«ተኝተሽ ነበር።»

አኮረፍሁ። ምን አለበት ቢቀሰቅሰኝ? ለእንቅልፌ አስቦ ነው ሊሉኝ ነው? ሲመጣ አላናግረውም ብዬ ማልሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቴ ከሰሊጡና ከጨርቁ ሌላ ለአርበኞች ጥይት ያመላልስ ኖሯል። ያን ሌሊት ኾሩን ሲሻገር የጣሊያን ዘበኞች ተኮሱበት። ቆስሎ ክልክሉ ድረስ ደረሰ፤ ከዚያ አላለፈም። እናቴ፣ ጎረቤታችን እትዬ ሐሚዳና ባሏ መሐመድ ጎህ ሳይቀድ እዚያው ቀበሩት። ቄስ የለ፣ ፍትሐት የለ፣ እሪ የለ። ጥይት አመላላሽነቱ ቢታወቅ ቤታችን በእሳት፣ እናቴ በገመድ ነበር የምትሄደው። አፈሩን ደልድለው ቅጠል በትነውበት ተመለሱ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው፤ ያን ጠዋት እኔ ያለኝ ኩርፊያዬ ብቻ ነበር።

ከቀናት በኋላ እናቴ ስትተኛ ሻሿን ሳብሁት። ወይ ጉድ! ያ ወገቧ ድረስ የሚወርድ ጠጉር ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል።

«ቅማል አስቸግሮኝ ነው» አለች እየተሸፋፈነች። «ለሰው እንዳትናገሪ፣ ነውር ነው።»

ባል የሞተባት ራሷን እንደምትላጭ ከየት አውቄ! ከእናቴ ወደ እኔ ቅማል ተጋባ ብዬ ሳምንት ሙሉ ራሴን ስፎክት ከረምሁ። «እኔንም ላጩኝ!» እያልሁ እትዬ ሐሚዳን ብለምናት ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ኋላ ያ ሳቅ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ትልልቅ ሰዎች ጤና የላቸውም አልሁ በልቤ።

እናቴማ ለይቶላት ነበር። ቤት የሚጠርግ ጠፍቶ፣ የማሽላው ማሳ ወፍ እየበላው፣ እሷ ጠዋት ማታ ክልክሉ ውስጥ ናት። የደንቢያ ልጅ አይደለች? በአገሯ መቃብር ያለ ጽድ አይታይም። ከደጋ የሚወርዱ ነጋዴዎችን ለምና የጽድ ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ መጣላት። ተከለችው፤ በሳምንቱ እንደ ገለባ ደረቀ። ሌላ አስመጣች፤ ደረቀ። አሁንም ሌላ። ውኃ የምቀዳው እኔ! ኾሩ ደርቆ አሸዋውን በእጄ እየቆፈርሁ፣ በቅል እየጨለፍሁ ለሞተ ጽድ ውኃ አመላልሳለሁ።

አንድ ቀን እትዬ ሐሚዳ ገንፍላ መጣች።

«አንቺ ደገኛ፣ ዐይንሽ አያይም? ይህ ቆላ ነው! ጽድ እዚህ ምን ቆርጦት ይበቅላል? ጋባ ትከይ። እሾኹ ጅብ አያስጠጋም። እኛ እንኳ ሰው ስናጥብ በእሱ ቅጠል ነው።»

«ጋባ?» አለች እናቴ። «ክርስቲያን ከእሾኽ ሥር?»

«የጌታችሁ አክሊል ከምን ነበር? ከጽድ ነው?»

የሞተ ሰው ማለቷ ነበር፤ እኔ ግን በጋባ ቅጠል የምን ሰው እንደሚያጥቡ ግራ ገባኝ፤ የእትዬ ሐሚዳ ልጆች እንደ እኛው በሳሙና ነው የሚታጠቡ። ብቻ በማግስቱ ጋባ ተተከለ፤ ጋባው ያዘ። ያም ሆኖ ውኃ ማመላለሱ አልቀረልኝም። ሌላው ልጅ ሲጫወት እኔ ለአንድ እሾኽ ገረድ ሆኜ ቀረሁ።

እንግዲህ ያኔ ነው ጣሊያኑ ሹም ጥላ ያማረው። ከካምፑ እስከ ኾሩ ድረስ የሚያናፍስበት መንገድ ይጠረግ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ ይተከል አለ። ከጎንደር በካሚዮን ሙሉ የባሕር ዛፍ ችግኝ አስመጣ። የሰፈራችን ሹም አያ ፈረደ ነበር፤ ጣሊያን የሾመው። ቀጭን፣ ነጭናጫ ሰው፤ እንደ እኔ ያለ ልጅ ሲያየው አጥር ዘሎ ነው የሚሄድ። «ከየቤቱ አንድ ሰው ዶማ ይዞ ይውጣ!» ብሎ ለፈፈ። ገመድ ተወጠረ፣ ካስማ ተተከለ። ገመዱ ከካምፑ እስከ ኾሩ ቀጥ ብሎ ሄደና ልክ በእናቴ ጋባ ላይ አለፈ።

እናቴ ያን ስታይ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ግን ጮቤ ረገጥሁ። ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የዚያን ጊዜ ተገለጠልኝ፤ መሰለኝ። ይህ መንገድ ወደ ኾሩ ይሄዳል። ከኾሩ ወዲያ መተማ፣ ከመተማ ወዲያ ገዳሪፍ። አባዬ የሚመጣው በዚህ ነው! ለካ እናቴ ክልክሉ ውስጥ የምትውለው መንገዱን ስትጠባበቅ ነው!

ታዲያ ደስ ሊላት ሲገባ ምን አደረገች መሰላችሁ? ወደ አያ ፈረደ ሄዳ «ተከላውን ለእኛ ለሴቶች ይተዉልን፤ መንገዱም ትንሽ ወደ ግራ ጠመም ቢል ለጥላው ይሻላል» አለችው። አያ ፈረደ አባረራት። ሌሊት ተነሥታ ካስማውን ወደ ግራ ትተክለዋለች፤ ሲነጋ ሠራተኞቹ ወደ ቦታው ይመልሱታል። እሷ ታነሣለች፣ እነሱ ይመልሳሉ። ኧረ የሰው ያለህ! አባቴን መንገድ ላይ ልታስቀርብኝ ነው እንዴ? ቆፋሪዎቹ ከካምፑ በኩል እየገፉ ወደ ጋባው ሲቀርቡ፣ የእናቴ ፊት እንደ ዐመድ እየነጣ ሄደ።

በዚህ መሀል የጣሊያኑ ባሕር ዛፍ እንዳለ ድርቅ አለ። ሴቶቹ ሰኔ ሲያረጥብ ጋባውን፣ ሮቃውን፣ አባሎውን ከየጥሻው እየነቀሉ በቦታው ተከሉ፤ የእኛው ዛፍ የእኛን ሙቀት ያውቀዋል። በእሱ እንኳ ማንም አላመሰገናቸውም።

እኔ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ቀን ወገቤን ይዤ አያ ፈረደ ዘንድ ሄድሁ። ከጣሊያን መጥረቢያ በተረፈው ዲማ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ የእግሩን ቁስል በጭራ ከዝንብ ይከላከላል።

«አያ ፈረደ፣ መንገዱን ቀጥ ያርጉት። እናቴን አይስሟት።»

«ለምን?»

«አባዬ ከገዳሪፍ በዚህ ነው የሚመጣ። ቀጥ ካለ ቶሎ ይደርሳል። እናቴ ግን ከዚያ ከጋባዋ ላይ አትነሣም፤ ሌሊት አባዬ መጥቶ ከሄደ ጀምሮ እዚያው ናት። ጠጉሯንም ተላጭታለች።»

ጭራውን አስቀመጠ። ዝንቡ ቁስሉ ላይ አረፈ፣ አላባረረውም።

«ይህን ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«ለማንም እንዳትነግሪ። ለጓደኛሽም፣ ለጣሊያኑ አስተርጓሚም፣ ለማንም። ሂጂ። ለአባትሽ የሚሆነውን መንገድ እኔ አበጅለታለሁ።»

ቤቴ እየዘለልሁ ገባሁ። ያን ሰው ስፈራው በመኖሬ አዘንሁ። ማምሻውን ራሱ ደጃችን መጣ። እናቴ ስታየው መቃኑን ያዘች።

«እመት አሰበች፣ ስንት ክንድ ልራቅ?» አላት፣ ሰላምታም የለ።

«ከምኑ?»

«ጊዜ የለንም። ከጋባው ስንት ክንድ?»

«አምስት» አለች እናቴ፣ በሹክሹክታ። «ግርጌው በምሥራቅ በኩል ነው።»

«ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ።

መንገድ ግርጌ ይኑረው ራስጌ እኔ ምን አውቄ! «ነፍስ ይማር» ያለው እናቴ አስነጥሳ ይሆናል አልሁ። ሲሄድ ግን አላስነጠሰችም ነበር።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ክልክሉ ውስጥ ነበር። ገመዱ ጋባው ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ተለጥጦ ዞሮ ይመለሳል። አያ ፈረደ ራሱ ነው የወጠረው። ደሜ ፈላ! ትናንት ቃል ገብቶልኝ! ጣሊያኑ ሹም በበቅሎ መጣ፣ ገመዱን አየ፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ። አስተርጓሚው «ይህ ምንድነው?» አለው።

«እዚህ ላይ አድባር አለ» አለ አያ ፈረደ። «ሕዝቡ አይረግጥም።»

ጣሊያኑ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን አቆመና በጣቱ ጋባውን እያሳየ ቆፋሪዎቹን አዘዘ። «በቀጥታ ቆፍሩ ብሏል» አለ አስተርጓሚው። ማንም አልተነቃነቀም። አንድ ሰው ዶማውን መሬት ላይ አጋደመ። ቀጥሎ ጎረቤቱ አጋደመ፣ ከዚያ ሁሉም። መሐመድም አጋደመ። ጣሊያኑ አያ ፈረደን አስይዞ በጉማሬ አለንጋ አስገረፈው። ልብሱ ተቀደደ፣ ጀርባው ደም በደም ሆነ፤ ሰውየው ግን «አድባር አለ፣ አይረገጥም» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ዶማ ያነሣም አልተገኘ።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጣሊያኑ ላቡን ጠረገ፣ ተፋ፣ አንድ ነገር ተናገረና በቅሎውን አዞረ። «ጠማማ ሕዝብ ጠማማ መንገድ ይበቃዋል ብሏል» አለ አስተርጓሚው።

እኔም እሰይ አልሁ። ቃሉን ያፈረሰ ይገረፍ! እናቴ ግን ያንን ነጭናጫ ሰው እጁን ይዛ ትስመዋለች። ሴቶቹ ጀርባውን በቅቤ ያሹታል። አንድ ሰው እንኳ ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» አላለኝም።

እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል! አዲስ የተቆፈረ አፈር ለቆላ ገበሬ ይሰወራል? ሁሉም አይቶ፣ ሁሉም ተረድቶ፣ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ነበር። ያልሰማ ፈረደ ብቻ ነበር፤ የጣሊያን ሹም ነውና ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ለእሱ ደግሞ የነገርሁት እኔው ነኝ። የማላውቀውን ምስጢር! ልጅ ያየውን ይናገራል ብለው ከእኔ ደበቁት፤ እኔም ያየሁትን ተናገርሁ። ፈረደ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምትሰሙት ከማን ነበር?

መንገዱ እንደ ተጠማዘዘ ተጠረገ። እኔም አባዬን መጠበቄን ቀጠልሁ። የተተከለው ዛፍ ቁመቴን አለፈ። ማታ ማታ መንገዱን በቅጠል እጠርጋለሁ፣ ድንጋይ እለቅማለሁ፣ እሾኽ አነሣለሁ፤ እግሩን እንዳይወጋው። እናቴ ስታየኝ ትቆይና ፊቷን ታዞራለች። ሴት እንዴት ባሏ እንዲመጣ አትፈልግም? እያልሁ እበግናለሁ።

በሠላሳ ሦስት ጥር ላይ ከመተማ በኩል ስንት ወር ያጓራው መድፍ ጸጥ አለ። ጣሊያን ካምፑን ጥሎ በሌሊት ሄደ። ሱዳን ተሰደው የነበሩ ሰዎች በኾሩ በኩል መምጣት ጀመሩ፤ ጠጉራቸው ያደገ፣ ጠመንጃ ያነገቱ፣ ዘፈን የሚዘፍኑ። ያለችኝ ቀሚስ አንዲት ናት፤ እሷን አጥቤ ለበስሁ። ኾሩ ዳር ቆሜ የሚሻገረውን ሁሉ እጠይቃለሁ።

«አባቴን ሰጠኝን አያችሁት? ሁለት አህያ አለው። ገዳሪፍ ነው የነበር።»

አላየንም ይሉኛል። ከሰፈራችን የሆኑት ግን አይመልሱልኝም፤ ራሴን ዳብሰው ያልፋሉ። እኔም ኋላ ቀርቶ ይሆናል፣ አህያው ዘግይቶበት ይሆናል እላለሁ።

ድንገት ከበስተኋላዬ እሪታ ሰማሁ። እልልታ መሰለኝ፤ እልልታ አልነበረም። ዘወር ስል እናቴ ጋባው ሥር ቆማ ደረቷን ትደቃለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መንገዱን ሞልተውታል። እትዬ ሐሚዳ አለች፣ ወንዶቹ አሉ፣ አያ ፈረደ ከሁሉም ኋላ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። ከኮኪት የመጣ ቄስ ማዕጠንት ይዞ ይጠብቃል። እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አወረደችው፦

«ተነሥ ጌታው ሰጠኝ፣ ጠላት ሄደልህ፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጮህ የኖርሁልህ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ክልክሉ በልቅሶ ተናወጠ።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ገባኝ እንዴ? ስሙን ሰምቼ እንኳ አልገባኝም። ወይም ገብቶኝ እንዳልገባኝ ሆንሁ፣ አላውቅም። በመካከላቸው ገብቼ ነጠላቸውን እየጎተትሁ ጮህሁ። «ሂዱ! ልቀቁ! መንገዱን ለምን ትዘጋላችሁ? አባዬ እየመጣ ነው! በዚህ ቀን ይለቀሳል? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!»

ልቅሶው ጸጥ አለ። አንድም የሚያሾፍ፣ የሚቆጣ የለም። እናቴ ተንበርክካ ሁለት እጄን ያዘች።

«አየሁሽ፣ ልጄ፣ አባትሽ እዚህ ነው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እዚህ ነው።»

እጄን መነጨቅሁ። «እነሱስ ያውቁ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ታዲያ እኔን ለምን? ለምን አልነገርሽኝም? መንገድ ስጠርግ እያየሽኝ! ኾሩ ዳር ስቆም እያየሽኝ!»

እናቴ የመለሰችልኝን እስከ ዛሬ ይቅር ልላትም ልረሳላትም አልቻልሁም።

«መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ ልጅ ነሽ፣ ታወጪዋለሽ ብዬ። በኋላ ግን ፍርሃት አልነበረም» አለችኝ። «ሁሉም ሰጠኝ ሞተ ብሎ ቆርጦለት ነበር። ይመጣል የምትይው በምድር ላይ አንቺ ብቻ ነበርሽ። በአንቺ ዘንድ ገና በሕይወት ነበር። ማታ መንገዱን ስትጠርጊለት እኔም ከጓሮ ቆሜ አብሬሽ እጠብቀው ነበር። በምን አንጀቴ ሁለት ጊዜ ልቅበረው?»

ቄሱ ፍትሐቱን ጀመረ። ከኾሩ ማዶ የሚመጡት ሰዎች ዘፈናቸውን አቋርጠው፣ በጠማማው መንገድ ዞረው፣ አንድ በአንድ አጠገባችን ቆሙ። ያኔ ነው አፈሩ ላይ ተደፍቼ የጮህሁት፤ እናቴም ዝም በይ አላለችኝም።